ነጋሪቱ አልጮህም ያለ ዕለት

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አውሬውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት በዚያ በጥንት ዘመን፣ አንድ አንበሳ በጫካው ላይ ነግሦ ይኖር ነበር።

ሁለት ልጆች ነበሩት። ታላቋ ሴት ናት፣ ስሟ ውዲቱ፤ ታናሿ ወንድ ነው፣ ስሙ ጎበዜ። ውዲቱ ከአባቷ ጋር ስታድን፣ ከአባቷ ጋር ችሎት ስትቀመጥ አደገች። ጎበዜ ግን ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም።

ንጉሡ ሞተ። ለቅሶው ሳይበርድ አማካሪው አያ ጅቦ ዙፋኑ አጠገብ ቆመ።

“ዙፋን የወንድ ነው” አለ። “ጎበዜ ይንገሥ። እስኪያድግ እኔ ሞግዚት ሆኜ እገዛለሁ።” ይህን ብሎ ጎበዜን እያየ ምራቁን ዋጠ።

“እምቢ!” አለች ውዲቱ። “በኩሯ እኔ ነኝ።”

“ጎፈር የለሽም እኮ፣ ልጄ!”

“አባቴ አቤቱታ የሚሰማው በጆሮው ነበር እንጂ በጎፈሩ አልነበረም።”

አያ ጅቦ ድምፁን አለሳለሰ። “እንግዲያው ነብርን አግቢ። እሱ ይነግሣል፣ አንቺ እቴጌ ትባያለሽ።”

“እምቢ! የንጉሥ ሚስት እቴጌ ብትባልም አገር አትገዛም። ታዲያ የኔ ባል በምን ሒሳብ ይገዛል?”

አያ ጅቦ ጮኸ። “እንግዲያው ከጫካው ውጪ! አለዚያ ትታሰሪያለሽ!”

“እምቢ! ና እሰረኝ!”

ዘበኞቹ ቀበሮዎች ተያዩ። አንድም የተነቃነቀ የለም።

አያ ጅቦ አዋጁን ሊያስነግር ነጋሪቱን መታ። ነጋሪቱ ዝም። ደግሞ መታው። ዝም። ሦስተኛ ሲመታው ነጋሪቱ ተናገረ፦

“የለበስኩት ቆዳ የላም ነው። እስከ ዛሬ አዋጅ ስናገር ‘ይሄ የሴት ድምፅ ነው’ ብሎ ጆሮውን የደፈነ አላየሁም። ለዚህ ግን አልጮህም። ከፈለግህ ቅደደኝ!”

ይኼኔ ጎበዜ እየሮጠ ከእህቱ እግር ሥር ተወሸቀ። “እኔ አያ ጅቦ ጋ አልሄድም! ሲያየኝ ምራቁን ይውጣል!”

ለለቅሶው የተሰበሰቡት እንስሳት ክው አሉ። ጎሽ ቀንዱን ዝቅ አድርጎ ወደ ጅቡ ተራመደ። አያ ጅቦ ጭራውን ቆልፎ ፈረጠጠ። ነጋሪቱም ማንም ሳይመታው “ውዲቱ ነግሣለች!” እያለ ጫካውን አናወጠው።

ውዲቱም “ወንድ ይሁን ሴት፣ ዙፋን የበኩር ነው” ብላ ደነገገች።

ዓመታት አለፉ። ውዲቱ ወለደች፤ በኩሯ ወንድ፣ ተከታይዋ ሴት። እንስቶቹ አንበሶች መጥተው፣ “ንግሥት ሆይ፣ ሴቷን ያንግሡልን፤ እስከ ዛሬ የተበደልነው ይበቃል” አሏት።

“አይሆንም” አለች ውዲቱ። “ታናሽ ሆኜ ብወለድ ኖሮ ዙፋኑን አልጠይቅም ነበር።” ልጇንም አልጋ ወራሽ አደረገችው።

ልጆቼ፣ ለራሳችሁ የታገላችሁለትን ፍርድ፣ ለሌላው ሲደርሰው አትንፈጉት።