ከላስቲኩ ያልወጣው ሰዓት

ወይዘሮ ዘርትሁን ከእናቷ አፍ የሰማቻቸውን የሰርግ ዘፈኖች በሦስት ደብተር ጽፋ ሳጥን ውስጥ ቆልፋባቸው ትኖር ነበር። የሰፈሩ ወጣት ሴቶች «አስተምሪን» ቢሏት ተጨነቀች። ፊደል ወዳስቆጠሯት ጋሽ ደምሰው ዘንድ ሄዳ፣ «ብሰጣቸው ዜማውን ያበላሹብኛል። ምን ይሻለኛል ጋሼ?» አለቻቸው። ሽማግሌው እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ያረጁ ዲጂታል የስፖርት ሰዓቶችን ይሰበስብ ነበር፤ ስልክ ሁሉን ነገር መቁጠር ከመጀመሩ በፊት የተሠሩትን። ጣት ሲያሳርፉበት የልብ ምት የሚናገር ነበረው፤ እርምጃ የሚቆጥርም ነበረው። ከሰዓት ሠሪ መሳቢያ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ፣ ከጡረተኛ ሯጭ እጅ እየለመነ ሠላሳ ስምንት አደረሳቸው። ከሁሉ የሚወደው ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ከተጠቀለለበት ላስቲክ ገና ያልወጣውን አንዱን ነበር። እሱን ለእንግዳ ያሳያል እንጂ አያስነካም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሰዓቶቹ ደስ ብሎት የሚኖር ሰው ነበር።

ልቧን ታማ የዳነች አንዲት ጎረቤት ነበረችው። ሐኪሟ «በቀን ሁለት ሺህ እርምጃ ሂጂ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሪ፤ ከልክሽ ግን አትለፊ» ብሏታል። እሷም እርምጃዋን በጸሎት መቁጠሪያዋ ዶቃ ትቆጥር ነበር። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ደክሟት ተቀምጣ አገኛት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ሰላምታው ነው የገደለኝ። ‹እንዴት አደርሽ› ሲሉኝ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› እላለሁ፤ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ዛሬም ሳላውቅ ከልኬ አለፍኩ መሰለኝ።»

ሰውየው ገብቶ ሰዓቶቹን አወጣ። አንዱ መቁጠሩን ትቷል። ሌላው ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ግን ለዓይኗ ደቀቀባት። የሌላው ማሰሪያ እጁ ላይ ተበጣጠሰ። የሚቆጥሩትን ሁሉ ሞክሮ ሲጨርስ ያ አንዱ ብቻ ቀረ። ላስቲኩን እንደያዘ ብዙ ቆመ። ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷት፣ «ተወው ወንድሜ፣ መቁጠሪያዬ ይበቃኛል» አለችው።

ይህን ሲሰማ ላስቲኩን ቀደደው።

የጀርባውን ክዳን ሲከፍት ደነገጠ። አሮጌው ባትሪ ፈስሶ፣ አረንጓዴ ዝገት ወደ ውስጥ መዝለቅ ጀምሯል። ሁለት ዓመት ቢቆይ ኖሮ እዚያው ላስቲኩ ውስጥ ይሞት ነበር። ጠራርጎ አዲስ ባትሪ ቢያስገባበት ዜሮ ብሎ ተነሣ። እጇ ላይ አስሮላት አብሯት ወጥቶ መቶ እርምጃ ቆጠረ፤ ሰዓቱ ዘጠና ስምንት አለ።

«ሁለቱን ለሰላምታ ያዢለት» አላትና ሳቁ።

ከወራት በኋላ ሴትዮዋ እያፈረች መጣች። የሰዓቱ መስታወት በአጥር ድንጋይ ተጭሯል። ሰውየው ጭረቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ከፋውም። ከዚያ የዕለቱን እርምጃ አነበበ፤ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ይላል። ቀና ብሎ ቢያያት ፊቷ ወዝ አውጥቷል።

«ይህ ሰዓት ከተሠራ ጀምሮ የሠራው ሥራ ይህ ብቻ ነው» አለና መልሶ እጇ ላይ አሰረላት።

ጋሽ ደምሰው ይህን ተናግረው ወደ ዘርትሁን ዘወር አሉ።

«ያንቺም ዘፈን እንዲሁ ነው ልጄ። ልጆቹ ይጭሩታል፤ አልዋሽሽም፣ ሲጭሩትም ያምሻል። አንዷ ግጥሙን ትስታለች፣ አንዷ ዜማውን ታፈጥነዋለች። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ዘፈን ግን አንዲትም ሙሽራ ድሮ አያውቅም። ጭረቱን የሚፈራ ሰው ዝገቱን አያይም። ሂጂና አብረሻቸው ዝፈኚ፤ የሳቱትን እዚያው እያረምሽ።»

ዘርትሁን ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «ቅዳሜ ሰርግ አለ» አለች፤ «ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለን።»