ጣሪያ ላይ የተሰቀለው መጥረጊያ

ተረት ተረት ስላችሁ "የላም በረት" ማለታችሁ አይቀርም። እኔ ላም የለኝም፤ በረትም የለኝም። ያለኝ ደሴ ውስጥ አንድ አሮጌ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቼን ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የማስሞክርበት ዎርክሾፕ። "ያገኛችሁትን ዕቃ ሥራ አድርጉት፤ የሠራችሁትን ማንም አይነካባችሁም፣ እኔም ብሆን" ያልኳቸው በገዛ አፌ ነው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

ስምንት ሰዓት ላይ የግቢው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ዘርፌ መጡ። "መምህር፣ መጥረጊያዬን ስጠኝ" አሉ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈለጉም። ርዕሰ መምህሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ "ዛሬም አዳራሹን ቆሽሾ ካገኘሁት ዎርክሾፑን ዘግቼ የተሰባበረ ወንበር ማጠራቀሚያ አደርገዋለሁ" ብለዋል። ወለሉ ደግሞ ወረቀት በወረቀት ነው። ቀና ብል መጥረጊያው ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል! ሌላ መጥረጊያ ፈልግ እንዳትሉኝ፤ ግቢው ሁሉ የሚጠረገው በዚያው በአንዱ ነው።

"የኔ ሥራ ነው ቲቸር" አለ ኢዮስያስ የሚባለው ተማሪዬ። "ታች ሆኖ ማንም አያየውም፤ ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ያየዋል። ለእትዬ ዘርፌ ከሆነ ይውረድ፤ መሰላል አምጡልኝ።"

መሰላሉን ደግሞ ፈትያ የምትባለዋ ልጅ አጣጥፋ በሲባጎ ተብትባዋለች፣ ከእግሩ እስከ ራሱ። "ወላሂ እፈታዋለሁ" አለች፤ "ግን መቀስ ስጡኝ፤ በእጅ ከሆነ እስከ ማክሰኞም አያልቅ።" እንግዲህ ሲባጎው መሰላሉን አይለቅ፣ መሰላሉ መጥረጊያውን አያወርድ፣ መጥረጊያው አዳራሹን አይጠርግ!

መቀሱስ? ሚፍታህ ጀሶ ውስጥ ቀብሮታል። "መቀሱ ዕረፍት ላይ ነው ቲቸር" አይለኝም? ዕረፍት! ዕረፍት የሚያስፈልገው ለእኔ ነው! ፊቴን ሲያየው "እሺ፣ እሰብረዋለሁ፤ መዶሻ ብቻ ስጡኝ" አለ። ጀሶው መቀሱን አይሰጥ፣ መቀሱ ሲባጎውን አይቆርጥ፣ ሲባጎው መሰላሉን አይለቅ፣ መሰላሉ መጥረጊያውን አያወርድ፣ መጥረጊያው አዳራሹን አይጠርግ!

መዶሻው ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ላይ ሐመልማል የጎን በሩን በእግሮቿ ዘግታ ተቀምጣለች። ሥራዋ ራሱ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ አንገቷ ላይ ወረቀት አንጠልጥላለች። ወረቀቱ "ዛሬ ያልተቀመጠ ሰው በቦታዬ ይቀመጥ፤ ያኔ እነሣለሁ" ይላል።

"እኔ ልቀመጥ!" አልኩ። ራሷን ነቀነቀችና ወንበሬን በጣቷ አሳየችኝ። እውነት ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ተደላድዬበት ነው የዋልኩት። ጓደኞቿም ሁሉ ተቀምጠዋል። እየሮጥኩ ወጣሁ። ዘበኛው ተቀምጧል። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ተቀምጧል። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ተቀምጣ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ያልተቀመጠ ሰው አይገኝ፣ ሐመልማል ከሣጥኑ አትነሣ፣ ሣጥኑ መዶሻውን አያወጣ፣ መዶሻው ጀሶውን አይሰብር፣ ጀሶው መቀሱን አይሰጥ፣ መቀሱ ሲባጎውን አይቆርጥ፣ ሲባጎው መሰላሉን አይለቅ፣ መሰላሉ መጥረጊያውን አያወርድ፣ መጥረጊያው አዳራሹን አይጠርግ! ለዘጠኝ ደግሞ ሩብ ጉዳይ!

ብው ብዬ ተመለስኩ። "እዚህ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚውል አንድ ሰው ይጥፋ?" ብዬ ጮህኩ።

ሐመልማል ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች። እትዬ ዘርፌ መቃኑን ተደግፈው አንዱን እግራቸውን ያሳርፋሉ።

"እትዬ ዘርፌ፣ እርስዎ ዛሬ ተቀምጠዋል?"

"እኔ? አጃኢብ ነው! ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ማን ተቀመጪ አለኝና?"

አፈርኩ። ሰዓቱን ሙሉ ከጎኔ ቆመው ሳለ እኔ ሌላ ሰው ፍለጋ ግቢውን ስዞር ነበር።

"ይቀመጡ በሞቴ" አልኳቸው። እትዬ ዘርፌ ተቀመጡ፣ ሐመልማል ተነሣች፣ ሣጥኑ በጎኑ በኩል ተከፍቶ መዶሻውን አወጣ፣ መዶሻው ጀሶውን ሰበረ፣ ጀሶው መቀሱን ሰጠ፣ መቀሱ ሲባጎውን ቆረጠ፣ ሲባጎው መሰላሉን ለቀቀ፣ መሰላሉ መጥረጊያውን አወረደ፣ መጥረጊያውም እትዬ ዘርፌ እጅ ገባ።

ሊነሡ ሲሉ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። እኔ ጠረግኩ፣ ልጆቹ አፈሱ።

"ከመስኮቱ ሥር ቀርቶሃል!" ይሉኛል ከሣጥኑ ላይ። "ደግሞ አቧራውን አታቡነው! ዲግሪ አለህ አይደል እንዴ?"

ዘጠኝ ሲሆን ርዕሰ መምህሩ ገቡ። ወለሉን አዩ፤ የሚዘጉበት ምክንያት አጡ። ዞር ሲሉ ግን እትዬ ዘርፌን አይተው ክው አሉ።

"ምነው እትዬ ዘርፌ? አመመዎት እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ" አሉ እግራቸውን ዘርግተው። "ልጆቹ ተቀመጪ ብለውኝ ነው።"