ግማሽ ጆንያ ለይታይሽ ማሳ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ሥራ የያዘም እየሠራ ይስማ፤ ተረቷ አጭር ናት፣ መንገዷ ግን ረጅም ነው።

ሾላ ምንጭ በምትባል ቀበሌ ይታይሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት መሬት ሩብ ሄክታር ነው። ክረምቱ ገብቶ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ሲደርስ አንድ ነገር ፈለገች፤ መንግሥት ከደጎመው ማዳበሪያ ግማሽ ጆንያ። ከግማሽ በላይ አቅሟም አይችል፣ ማሳዋም አይፈልግ። ያለ ማዳበሪያ ደግሞ ያ የደከመ መሬት እህል አይሰጥም። ካልሰጠ ባለ ሰፊ ማሳ እንዲያርሰው በእኩል ሰጥታ፣ ከገዛ መሬቷ ድርሻ ጠባቂ መሆኗ ነው። የጎረቤቷ የሙጬም ነገር እንደዚያው ነበር።

ወደ ገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ሄደች። ጠባቂው ደረበ ጆንያ በሙሉ እንጂ ተከፍሎ እንደማይሸጥ፣ ሁለት ሰውም በአንድ ጆንያ እንደማይመዘገብ ነገራት። ባለ ሰፊ ማሳዎቹ በአጠገቧ በአህያ እያስጫኑ ያልፋሉ።

«እትዬ ይታይሽ፣ ጆንያው እንዲያንስልሽ ከምትለምኚኝ ማሳሽ እንዲጨምር ለምን አትጸልዪም?» አላት እየሳቀ።

«ማሳውን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው፤ ይመስገን። ጆንያውን የቋጠረው ግን ሰው ነው። ሰው የቋጠረውን ሰው ይፈታዋል» አለችው።

ጠባቂው ጆንያውን አይፈታ፤ የይታይሽ ማሳ ይጠብቃል።

ሙጬን አስከትላ ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ አቶ ጫኔ ሄደች። ጠባቂውን እዘዙልን አሏቸው። አቶ ጫኔ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አዝነው አዳመጡ፣ አዝነው ሸኟቸው። ያለ ወረዳው ፈቃድ አላዝም አሉ።

ሊቀ መንበሩ ጠባቂውን አያዝ፣ ጠባቂው ጆንያውን አይፈታ፤ የይታይሽ ማሳ ይጠብቃል።

ወደ ወረዳ ሲሄዱ ሌሎች ባለ ትንሽ ማሳዎችም ተከተሏቸው። በግብርና ኃላፊው በራፍ ላይ እስኪመሽ ተቀመጡ። ኃላፊው ወጥቶ እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። እዚያ የተለጠፈው ደንብ ጆንያ አይከፈልም፣ ሙሉ ጆንያ የማይፈጅ፣ ግማሽ ሄክታር ያልሞላ መሬትም በድጎማው አይካተትም ይላል። ደንብን አትለምነው ነገር፣ ጆሮ የለው፤ አታባብለው ነገር፣ ልብ የለው።

ደንቡ ኃላፊውን አይለቅ፣ ኃላፊው ለሊቀ መንበሩ አይፈቅድ፣ ሊቀ መንበሩ ጠባቂውን አያዝ፣ ጠባቂው ጆንያውን አይፈታ፤ የይታይሽ ማሳ ይጠብቃል።

ደንቡን ያወጣው የወረዳው ምክር ቤት ነው ተባለ። ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ። ዘበኛው ምክር ቤት የሚሰማው የተመራጭን ድምፅ ነው ብሎ ከበር መለሳቸው። ወደ ተመራጩ ሄዱ። ተመራጩ አቶ ልየው የሾላ ምንጭ ልጅ ነው። በክብር ተቀበላቸው፤ ነገር ግን ለጥቂት ቁራጭ ማሳ ሲባል ምክር ቤት አላስቸግርም አለ።

ተመራጩ ለምክር ቤቱ አይናገር፣ ምክር ቤቱ ደንቡን አያነሳ፣ ደንቡ ኃላፊውን አይለቅ፣ ኃላፊው ለሊቀ መንበሩ አይፈቅድ፣ ሊቀ መንበሩ ጠባቂውን አያዝ፣ ጠባቂው ጆንያውን አይፈታ፤ የይታይሽ ማሳ ይጠብቃል።

ዝናብ ግን አይጠብቅም። ይታይሽ ያላትን ዘር ያለ ማዳበሪያ በተነች፤ ጤፉ ቀጥኖና ቢጫ ሆኖ ወጣ። ሙጬ አልቻለችም፤ ማሳዋን ለሁለት ዓመት በእኩል ሰጠች። ያን ቀን ይታይሽ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወዲያ ገበያ በዋለችበት፣ ለቅሶ በደረሰችበት ሁሉ ይህንኑ ታወራ ጀመር። ትንሽ ማሳ ያለው ሁሉ ሰማ፤ ጥቂት የተባሉት ጥቂት አልነበሩም።

ለኅዳር ሚካኤል የጽዋ ማኅበሯ ተረኛ እሷ ነበረች። አቶ ልየው የዚያ ማኅበር አባል ነውና በየዓመቱ ይመጣል። ለዳቦው የሚሆን ስንዴ ስላልነበራት ባለ ትንሽ ማሳዎቹ እፍኝ እፍኝ አዋጡላት። ከብዙ እፍኝ አንድ ትልቅ ዳቦ ወጣ። ያዋጡትም መጥተው ግቢውን ሞሉት።

ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። ይታይሽ ቢላዋውን አላቀረበችም። ዳቦውን እንዳለ አንስታ አቶ ልየው ፊት አስቀመጠችው።

«ዳቦው አይቆረስም። ሙሉውን መብላት የሚችል ይውሰድ፤ የማይችል ይቅርበት።»

የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመሩት ሽማግሌ፣ «ምን ነካሽ አንቺ፣ የሚካኤልን ዳቦ!» ብለው አጉረመረሙ። ካህኑ ግን አልከለከሏትም።

«እትዬ ይታይሽ» አለ አቶ ልየው ቀስ ብሎ፣ «ይህ እኮ የሁሉም ዳቦ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ማን አወጣ?»

«እናንተ» አለችው።

ዳቦውን አየ። በበሩ በኩል ደግሞ ግቢውን የሞላውን ሰው አየ። ፊቱ ጠቆረ። ቢላዋ አምጡልኝ አለ። ራሱ ቆረሰ፣ ራሱ ዞሮ አደለ፤ ደጅ ካለው የመጨረሻ ሰው እጅ ሳይደርስም አልቀመሰም።

ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቀን ባለ ትንሽ ማሳዎቹ ከበሩ ላይ ውለው ጠበቁ። ያን ጊዜ ተመራጩ ለምክር ቤቱ ተናገረ፣ ምክር ቤቱ ደንቡን አነሳ፣ ደንቡ ኃላፊውን ለቀቀ፣ ኃላፊው ለሊቀ መንበሩ ፈቀደ፣ ሊቀ መንበሩ ጠባቂውን አዘዘ። ዳግም ክረምት ሲገባ ደረበ ጎንበስ ብሎ ሲባጎውን በጠሰ፣ ጆንያውን ፈታ።

«እንግዲህ ለእኔም ጸልዪልኝ» አላት ቀና ብሎ ሳያያት።

«ያኔም ስጸልይ አልተውኩህም» አለችው።

ሚዛኑ ላይ ሲገለብጥ ባዶውን ጆንያ አፉን ከፍታ የያዘችላት ሙጬ ነበረች። የእሷ ማሳ ገና በሰው እጅ ነው። ቢሆንም መጥታለች።

«ለከርሞ የእኔን አንቺ ትይዢልኛለሽ» አለቻት።

«እይዝልሻለሁ፣ እሱ ካለ» አለች ይታይሽ። ግማሹን ጆንያ በሁለት በኩል ይዘው ወደ ማሳው ወረዱ።

ተረቴን የሰማ ዳቦውን ይቁረስ፣ ከጎደለበት ቤት ፈጥኖ ያድርስ።