አራት ጣት ወደ ቦራ

አንድ ሰው ነበረ፤ አንድ በሬ ብቻ የቀረው።

የጠየቅሽኝን ረስቼ ወደ ገበሬ ወሬ የገባሁ እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። «አርባ አንድ ተማሪዎች አሉኝ፤ ሁሉንም እኩል ነው የማያቸው። ይታይሽ የምትባል ልጅ ግን ከእኩዮቿ ዘግይታ ገባች፤ ስታነብ ትንተባተባለች፣ ልጆቹ ይስቁባታል። ይኸው አሁን ጭራሽ አፏን ዘጋች። አባቷ ሰኞ መጥቶ ከትምህርት ቤት ሊያስወጣት ነው። እሷን ልጠብቅ ብል አርባው ይበደላሉ። ለአባቷ ምን ልበለው?» ነው ያልሽኝ። ሰምቼሻለሁ። እኔም ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዤ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ጥያቄ ያላመመው መምህር አላውቅም። እስኪ አሁን የሰውየውን ነገር ስሚኝ።

ሰውየው ጎበዝ ገበሬ ነበር። ጎበዝ መሆኑንም ከማንም በላይ ራሱ ያውቀው ነበር። ትልሙ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው ይባልለታል፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በማሳው ዳር ቢያልፍለት ደስታውን አይችለውም። ሁለት በሬዎች ነበሩት፣ በቁመትም በጉልበትም መንታ የሚመስሉ። ሰኔ እንደገባ አንደኛው ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ቀረ፤ ተረቱ ለእሱ የተተረተ ይመስል። ግንባሩ ነጭ የሆነው ቦራ ብቻውን ቀረ። ዝናቡ ጀምሯል፣ መሬቱ ርሷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠምዶ ወጥቷል። አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ የትም አይደርስም ይባል የለ? ሰውየው አንዱን በሬ እያየ ብቻውን ሲያስብ ሁለት ቀን ዋለ።

ከቤቱ ዝቅ ብሎ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ትኖር ነበር። የእሷም ሀብት አንድ በሬ ነው፤ ዳልቻ የሚሉት፣ ትንሽ፣ ጎድኑ የሚቆጠር። ሰውየው ሄደና «እህት ዓለም፣ እንቀናጅ» አላት። የእኔን በሬ ከአንቺ በሬ ጋር ጠምጄ አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የአንቺን ላርስ ማለቱ ነው። ሴትዮዋ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። የዘንድሮ ማሳዬ ጦሙን አደረ፣ ልጆቼን ምን አበላለሁ እያለች እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለችና።

በማግስቱ ጠመደ። ቦራ አንድ ሲራመድ ዳልቻ ግማሽ ነው የሚራመደው። ቀንበሩ ይጣመማል፣ ማረሻው ወደ ጎን ያመልጣል፤ ያ ክር የመሰለ ትልም እባብ የሄደበት መሰለ። ሰውየው በመንገዱ የሚያልፉትን በዓይኑ ጥግ እያየ ጅራፉን አነሳ። «ና! አንተ ልግመኛ!» ዳልቻ ግን በተገረፈ ቁጥር ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ቦራ ላይ ይለጠፋል። ቦራም ይደናቀፋል፤ ተደናቀፍክ ተብሎ እሱም ይገረፋል። ፀሐይ አዘቅዝቃ ሳለ ዳልቻ ጉልበቱን አጠፈና ትልሙ ውስጥ ተኛ። ጅራቱን ቢጠመዝዙት እንኳ አልነሳም አለ። ገበሬ ያውቀዋል፤ ትልም ላይ የተኛ በሬ ድካም ብቻ አይደለም ያለበት፣ ተስፋውን ቆርጧል።

ሰውየው እንደ ምንም አስነሥቶ ፈታው። ቀንበሩን ከነሞፈሩ በትከሻው ተሸክሞ፣ ዳልቻን እየነዳ ከሴትዮዋ ደጃፍ ደረሰ።

«እህት ዓለም፣ በሬሽን ተረከቢኝ። ሰነፍ ነው። ቦራንም አበላሸብኝ። እኔ ሌላ ቅንጅ እፈልጋለሁ።»

ልጆቹ በሩ ላይ ተደርድረው ያያሉ። ሴትዮዋ ቀርባ የዳልቻን አንገት ደባበሰችው፤ በአንድ ወገን ተልጧል። ቀና ብላ የሰውየው ትከሻ ላይ ያለውን ቀንበር አየች። አባቷ ቀንበር ጠራቢ ነበር፤ ፍቅፋቂውን እያፈሰች ነው ያደገችው።

«ወንድም ዓለም፣ ምራኑን የት ነው ያሰርከው?» አለችው። ምራን ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘው ጠፍር ነው።

«የት ላስረው? መሃል ነዋ! ዕድሜዬን ሙሉ መሃል ነው የማስረው። ማንን አዳላሁ?»

«መሃሉማ ለድሮዎቹ ነበር። እነሱ እኩያሞች ነበሩ። እነዚህስ?»

ቀንበሩን ከትከሻው አወረደችው። ጠፍሩን ፈታች፤ አራት ጣቷን ቀንበሩ ላይ አስተኝታ ለካችና ወደ ቦራ በኩል አስጠግታ አሰረችው። ሰውየው ገበሬ ነውና ምን እንዳደረገች ወዲያው ገባው። ምራኑ የተጠጋው በሬ ጭነቱ ይከብደዋል፤ የራቀው ይቀለዋል።

«ቦራ ምን በደለ?» ብሎ ጮኸ።

«ነገ ራሱን ቦራን ጠይቀው። እምቢ ካለህ ዳልቻን መልስልኝ። ጅራፉን ግን እዚሁ ተውልኝ።»

በማግስቱ እያጉረመረመ ጠመደ። ቦራ እስኪያምጽ ድረስ ይጠብቃል። ቦራ አንገቱን ደፋ፣ ሳበ፣ ሄደ። ዳልቻ ከጎኑ፣ እኩል በእኩል። ሰውየው ማሳው ጫፍ ደርሶ ሲዞር ትልሙን አየው፤ ቀጥ ብሏል። ቦራንም አየው፤ ላቡ እንኳ እንደ ትናንቱ አልነበረም። ለካ ትናንት ቦራ የጎተተው ማረሻውን ብቻ አይደለም። የተጣመመውን ቀንበርና የሚለጠፍበትን ዳልቻንም አብሮ ሲጎትት ነው የዋለው። ዛሬ ድርሻው በዛ፤ ሸክሙ ግን ቀለለው።

አንድ ነገር ብቻ ቶሎ አልቀናም። ሰውየው ላቡን ሊጠርግ እጁን ባነሳ ቁጥር ዳልቻ ዓይኑን ጨፍኖ ይንቀጠቀጥ ነበር። በባዶ እጅ! ያን ጊዜ ሰውየው አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያርስ ያንጎራጉርላቸው ጀመር፤ ድምፁ ደግሞ እንዲህ የሚመሰገን አልነበረም፤ በሬዎቹ ግን ቻሉት። ዳልቻ መንቀጥቀጡን የተወው በስንት ቀኑ ነው። የሴትዮዋም ማሳ ታረሰ፣ ተዘራ፣ በቀለ። መስከረም ላይ፣ ለሽምብራ ሲጠምድ፣ ሰውየው ዳልቻን ትኩር ብሎ አየው፤ ጎድኑ አይቆጠርም። ማንም ሳይነግረው ምራኑን ሁለት ጣት ወደ መሃል መለሰው።

እንግዲህ ልጄ፣ «ሁሉንም እኩል ነው የማያቸው» ስትዪኝ ያ ሰው «መሃል ነው የማስረው» ያለው ትዝ ብሎኝ ነው። ክፉ አልነበረም፤ አንቺም አይደለሽም። ይታይሽ ትልሙ ውስጥ ተኝታብሻለች። የሚስቁባት ልጆች ጅራፉ ናቸው። አርባው ይበደላሉ አልሽኝ፤ አርባውማ አሁንም እየተገረፉ ነው። ዛሬ በጓደኛው የሚስቅ ልጅ ነገ እኔ ብሳሳትስ እያለ በግማሽ ልቡ ነው የሚማረው። እጁን ሊያወጣ ይልና ያወርዳል፤ አላየሽም? እኔ አይቼ ዝም ያልኩባቸው ዓመታት አሉ፤ እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳቁን ከክፍልሽ አውጪው። ከዚያ አንብቢ ከማለትሽ በፊት አንዲት መስመር ብቻ ለይተሽ ስጫት፤ ከጎበዞቹ አንዷ አጠገቧ ትቀመጥና አብራት ታጥናት፤ በማግስቱ ያችኑ መስመር ታንብብ። የጎበዟ ድርሻ በዛ ብለሽ አትዘኚ። የሚያስረዳ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚማረው። አራት ጣት ነው፣ ልጄ፤ ከዚያ አይበልጥም። ለሁልጊዜም አይደለም።

ለአባቷ ምን ልበለው ነው ያልሽኝ? ሰኞ ሲመጣ ወንበር ስጪውና «ልጅህ ሰነፍ አይደለችም፤ ምራኑን አላግባብ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እስከ መስከረም ተዋት» በይው። ገበሬ አይደል? ይገባዋል።