ጃንሆይ አንበሳን ያቆመው ቃል

በድሮ ዘመን፣ አራዊት እንደ ሰው ሸንጎ በሚቀመጡበት ጊዜ፣ ሦስት ጎረቤቶች ነበሩ። ዝንጀሮዎች ገደሉ ላይ፣ ጉሬዛዎች ዛፉ ላይ፣ ሽኮኮዎች ዋሻው ውስጥ። ዝንጀሮ ተሳዳቢ ነው። ጉሬዛ ኩሩ ነው። ሽኮኮ ደግሞ ፈሪ ነው። ይኼን ያዙልኝ ልጆች፣ ሽኮኮ ፈሪ ነው።

ጅብ ሦስቱንም በየተራ ለቀማቸው። ኑሮ ሲመርራቸው ጊዜ አንበሳ ዘንድ ሄደው «ንገሥልን» አሉት። «ደጃችንን አንተ ጠብቅ፤ ጓዳችንን እኛው እናውቅበታለን።»

አንበሳም ማለ። ሕጉ አጭር ነበር፤ ደጁ የንጉሥ፣ ጓዳው የባለቤቱ። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጅብም ሳይወድ በግዱ በዚሁ ማለ። ከዚያ ወዲህ ጅብ ብቅ ሲል አንበሳ ከደጅ ሆኖ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ጅብ ይቆማል። ሰላም ሆነ።

ምን ዋጋ አለው! ቀበሮ የንጉሡ አማካሪ ሆነ። ቀበሮ ሆዳም ነው፤ ምላሱ ግን ማር ነው። «ጃንሆይ፣ ጓዳ ሳያዩ ደጅ መጠበቅ ምን የሚሉት ንግሥና ነው?» አለው።

አንበሳ ገደሉ ላይ ወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ የትኛውን ሥር እንደምትቆፍሩ የማዝዛችሁ እኔ ነኝ» አለ። ዝንጀሮዎች ክው አሉ። ግን ዝም አሉ።

ዛፉ ሥር ሄደ። «ከዛሬ ጀምሮ ሽማግሌያችሁን የምመርጥላችሁ እኔ ነኝ» አለ። ጉሬዛዎች ክው አሉ። ግን ዝም አሉ።

ዝም ሲባል ጊዜ፣ ዋሻው ደጃፍ ደረሰ።

ዋሻው ውስጥ ኩሬ አለ። ዓመቱ ድርቅ ስለነበር ሽኮኮዎች ያችን ውኃ ጉንጭ ጉንጭ እየተካፈሉ ነው ልጆቻቸውን ያቆዩት። የምታካፍላቸው የሽኮኮዎቹ ዳኛ እትዬ ሽኮኮ ናት፤ ለራሷ የሚተርፋት ከንፈር ማርጠቢያ ብቻ ነው።

«ኩሬው ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው። ቀበሮ ያስተዳድረዋል» አለና አንበሳ ሊገባ እግሩን አነሣ።

ቀበሮ ኩሬው ላይ ከተቀመጠ ልጆቹ አለቁ ማለት ነው። እትዬ ሽኮኮ ልትሸሽ ፈለገች፤ ግን ወዴት? ከኋላዋ ያሉት ልጆቹ ናቸው። ሳታስበው አፏ ተከፈተ።

«በሕግ አምላክ!»

ወይ ጉድ! ንጉሥን! ከገደሉ ላይ የሚያየው ዝንጀሮ የሚሳደበው ጠፋው። ጉሬዛ ከቅርንጫፉ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። ራሷ ሽኮኮ እንኳ «ማነው የተናገረው?» ብላ ወደ ኋላ ዞረች! የአንበሳም እግር እንደተነሣ አየር ላይ ቀረ።

ቀበሮ በሣቅ ፈረሰ። «ሞኝ! ሕጉ እኮ ራሳቸው ጃንሆይ ናቸው!» እያለ፣ እየተጎማለለ ገባና ኩሬው ላይ ተደፋ።

«ጃንሆይ» አለች ሽኮኮ፣ «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን እግር፣ የሚፈስ ውኃ ይቆማል። ጅብን የሚያቆሙልን በዚሁ ቃል ነው። ዛሬ እርስዎ ከረገጡት፣ ነገ ጅብን በምን ያቆሙታል?»

አንበሳ ደነገጠ። ጅብ የሚቆመው የሱን ጥርስ ፈርቶ ብቻ ይመስለው ነበር። ቀና ሲል ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ማዶ ቁጥቋጦው ውስጥ ጅብ ተጋድሞ ያችን የተነሣች እግር አፍጥጦ ያያል። ትረግጥ ይሆን እያለ ይጠብቃል!

አንበሳ እግሩን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ መለሰ። ጅብም እያጉረመረመ ሄደ።

«ቀበሮስ?» ብለው ጮኹ ዝንጀሮዎች። «ንጉሥ ሲቆም ያልቆመ! ይፍረዱበት እንጂ!»

«ያለው ጓዳ ውስጥ ነው» አለ አንበሳ። «ፍርዱ የእርሷ ነው።»

ሽኮኮ አሰበች። «ከጓዳዬ ይውጣልኝ» አለች። «ሌላ ቅጣት የለኝም።»

ቀበሮ ደስታው ወሰን አጣ። «ይኼው ብቻ? ተገላገልኩ!» እያለ፣ ጭራውን ወደ ላይ ቀስሮ ከጓዳው ወጣ። ደጁ ላይ ደረሰ። ደጁ ላይ ደግሞ አንበሳ ቆሟል።

«ደጁ የኔ ነው» አለው።

ከዚያ ወዲያ የዚያን ቀበሮ ወሬ የሰማ የለም። ዝንጀሮዎች የሚቆፍሩትን ሥር፣ ጉሬዛዎችም ሽማግሌያቸውን እንደ ድሮው ራሳቸው መረጡ።

እንግዲህ ልጆች፣ ደጃችሁን የሚጠብቅላችሁን አክብሩ፤ ጓዳችሁ ሊገባ ሲል ግን አቁሙት። ሕግ የረገጠ ንጉሥ በሕግ የሚያስቆመው አውሬ የለውም። እኔ ተረቴን ከደጃችሁ አድርሻለሁ፤ ጓዳ ማስገባቱ የናንተ ነው።