የጎራናው ቁባ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ጣሊያን ወሎን በያዘበት ዘመን፣ ጎራና ከሚባል ኮረብታ አናት ላይ የሼህ ሙዘይን ቁባ ነበር። ወሊዩ፣ ቅዱሱ ሰው፣ የተቀበሩበት ክብ ቤት ነው፤ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ሕግ አለው፤ ከካቡ የገባ ሰው፣ ደም ቢኖርበት እንኳ፣ አይነካም። የጦር መሣሪያ ግን ከካቡ አይገባም። ቁልፉን የሚይዙት ሼህ ኑረዲን ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

ትልቁ ይማም ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቁባውን ጠርጓል፤ አባቱን እጃቸውን ይዞ ለሶላት አድርሷል። ሽማግሌው ግን ማለዳ ሲነቁ የሚጠይቁት ስለ ሌሎቹ ነበር።

«ሸረፉ የት ደርሶ ይሆን? ጦይባስ ደኅና አደረች?»

«ደኅና ናቸው አባዬ» ይላል ይማም፣ ለሶላት የሚታጠቡበትን የዉዱ ውሃ እያፈሰሰላቸው። አጠገብ ያለ ሰው እንደማይናፈቅ ያውቃል። ማወቁ አልጠቀመውም።

ሸረፉ መካከለኛው ነው። በልጅነቱ አሰብ ወርዶ የፈረንጅ ቋንቋ ለምዶ ስለነበር፣ ጣሊያን ሲገባ አስተርጓሚ ሆነ። ወደ ቆላው የሚወስደውን መንገድ ለጠላት ያሳየው እሱ ነው፤ አገር ባንዳ ይለዋል። ጦይባ ታናሽ እኅታቸው ናት። ከኮረብታው ሥር ካለው መንደር አግብታ ትኖራለች፤ ወሊዩን ለመዘየር፣ መቃብራቸውን ለመሳለም የሚወጡት ሴቶች መሪ እሷ ነች።

አንድ ዓርብ ማለዳ አሥራ ዘጠኝ አርበኞች ተሳድደው ኮረብታውን ወጡ። አራቱ ቆስለዋል። ይማም በሩ ላይ ቆመባቸው።

«ጠመንጃ ይዞ የሚገባ የለም» አላቸው።

«ጠላት ከኋላችን ነው» አለ አለቃቸው። «ጥለነው ብንገባ እንታረዳለን። ይዘነው ውጭ ብንቆምም ያው ነው።»

ይማም ቁልቁል ተመለከተ፤ አቧራው እየተጠጋ ነው። በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያልጣሰውን ሕግ ጣሰና በሩን ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ኮረብታው ተከበበ፤ መትረየስ ተጠመደ። ወታደሮቹ ከባሕር ማዶ የመጡ፣ አማርኛ የማይሰሙ ናቸው። ከሻምበላቸው ጎን የቆመው ሸረፉ ነበር።

ሻምበሉ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልወጡ ቤቱን በላያቸው አፈርሰዋለሁ፣ በላቸው» አለ።

ሸረፉ ወደ ካቡ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «በሩን እንዳትከፍቱ። የተቻለኝን ያህል ቀን አገኝላችኋለሁ» አለ። ከካቡ ውስጥ አለቃው «ሰምተናል» ሲል ወደ ሻምበሉ ተመለሰና፣ «ሦስት ቀን ዱዓ አድርገን እንወጣለን ይላሉ። ቁባው ከተነካ ግን ቆላው በሙሉ ይነሣብናል» አለው። ሻምበሉ ኮረብታዎቹን ዞር ዞር ብሎ አየና ሦስቱን ቀን ሰጠ።

ከውስጥ ሼህ ኑረዲን የልጃቸውን ድምፅ ለዩት። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ አልጠፋም» ብለው አለቀሱ። ይማም ሰማቸው። አንገቱን ሰጥቶ በር የከፈተው እሱ ነው፤ ለእሱ ግን ማንም አላለቀሰም።

በሁለተኛው ቀን ውሃ አለቀ። ደርሶ የሚባለው ቁስለኛ ደሙ አልቆም ብሎ ያቃስታል። ረፋዱ ላይ ጦይባ ሃያ ሴቶች አስከትላ፣ እንስራ አዝላ፣ እያዜመች ወጣች። ሸረፉ «ለዚያራ ነው የመጡት» ስላለ ወታደሮቹ አሳለፏቸው።

«አያ ይማም» አለች በበሩ ስንጥቅ። «ልብሳችንን ለሰዎቹ እንስጣቸው። ተከናንበው እንስራችንን አዝለው ይውረዱ። እኛ እንቀራለን። ደርሶንም መንደር ያለው ወጌሻ ያየዋል።»

«የወሊዩ ቤት ማታለያ አይሆንም» አላት።

«ይሙቱ ነው የምትለው?»

«ውሃውን አቀብይኝና ውረጂ።»

ውሃውን በካቡ ላይ አሳልፋ ሰጠችው እንጂ አልወረደችም። ሴቶቹ ከካቡ ሥር በፀሐይ ተቀመጡ። ይማም በሩን ተደግፎ ቀረ። ሰዎቹ ነገ እጇን ሲስሙ፣ አባቱ ስሟን ሲጠሩ ታየው። ከሰዓት በኋላ፣ የአሱር ሶላት ሲቃረብ፣ ደርሶ ሞተ። ይማም ዓይኑን ከደነለት፤ ተነሥቶ በሩን ከፈተ።

«ግቡ» አላቸው።

ጦይባ ሴቶቹን ሰብስባ፣ «በቁባው ውስጥ ማንም አይነካንም፤ ኃላፊነቱ የእኔ» አለች። አመኗት። አሥራ ስምንት ሰዎች ተከናንበው፣ ቁስለኞቹ እንደ አሮጊት ተደግፈው፣ በሸረፉ ፊት አለፉ። ሸረፉ ቀና ብሎ አላያቸውም።

በማግሥቱ ሻምበሉ በሩን ሰብሮ ሲገባ ያገኘው ሴቶችና ጠመንጃ ነው። ከሴቶቹ ሁለቱን፣ ዛቢያንና ሎሚያን፣ እበሩ ላይ አስረሸናቸው፤ ጦይባንና የቀሩትን ለቀቃቸው። ከቁባው ግን አንድ ድንጋይ እንኳ አልነካም። ሸረፉን መንጋጋውን ሰብረው ወህኒ አወረዱት። የጦይባ ቤት ተቃጠለ።

ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ሸረፉ ተፈትቶ መጣ። ሼህ ኑረዲን ደክመው ነበርና ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠሩ። ይማም ቀድሞ ተናገረ።

«ያን ቀን ጦይባን ውጭ ያቆየኋት ለሕጉ ብዬ አይደለም አባዬ። ሕጉንማ ቀድሜ ጥሼዋለሁ። ቅናት ነው። ደርሶ በእኔ ቅናት ሞተ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳሰሱ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሳትነግረኝ» አሉ። ቀጥለውም «ቁልፉን የተገባው ይያዝ» አሉና፣ ስም ሳይጠሩ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

የአገሩ ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። አንዱ፣ «በሩ ባይከፈት የሚተርፍ ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱንም በገዛ አፉ ተናግሯል፤ ለይማም» አለ። ሌላው፣ «በአንበሳ አፍ ውስጥ ቆሞ የዋሸው ሸረፉ ነው» ሲል፣ አጠገቡ የተቀመጠው «አንበሳውን ማን አመጣው?» ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው ጦይባን አነሣ፤ የዛቢያ ባል ግን ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ሄደ።

ቀኑ መሸ፤ አልተስማሙም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ቁልፉ ለማን ይገባል?