ከዋርካው ሥር ቀድሞ የተነሣው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ሰማይ ማየት የሚያበዛ ሰው።

ቆይ ጫኔ፣ በር ላይ አትቁም፤ ገብተህ ተቀመጥና ስማ። ጥያቄህ ገብቶኛል። ነገ ቀብር አለ፣ ወሩ ሐምሌ ነው፣ ሰሞኑን ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ያልጮኸበት ቀን የለም፣ አንተ ደግሞ የዕድር ዳኛ ከሆንክ ገና ሁለት ወርህ ነው። «ቀብሩ መሀል ሰማዩ ቢያጉረመርም ሕዝቡን ቤት ላስገባ ወይስ እንደ አባቶቻችን ቆመን እንጨርስ? ባስገባ ሬሳ ጥሎ የሸሸ ዳኛ ይሉኛል» አልከኝ። ከሰው መርጦ ለሹመት ብለው ሾመውህ እንቅልፍ ነሱህ። በአንድ ቃል ብመልስልህ ከበሩ ሳትወጣ ትረሳዋለህ፤ አውቅሃለሁ። ስለዚህ የዚያን ሰው ነገር ልንገርህ።

ሰውየው ገበሬ ነበር። ሀብታም አይደለም፣ ድኻም አይባልም። አንድ ክረምት ዘጠኝ በጎቹ ከአንዲት ግራር ሥር ተጠልለው ሳለ መብረቅ ወረደ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሊነዳቸው ሲሄድ ተኝተው የሚያመሰኩ መስለውት ነበር። ቁስል የለ፣ ደም የለ። በዱላው ነካ ነካ ቢያደርጋቸው አንዷም አልተነሣችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ሰውየው ዕረፍት አጣ።

ብልጭ ሲል መቁጠር ይጀምራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ፣ ሳይቸኩል። ሠላሳ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማው በሬዎቹን ፈትቶ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ባሉበት ጥሎ ወደ ቤቱ ነው። ከገባም በኋላ ቶሎ አይወጣም። የመጨረሻው ጩኸት ካለፈ ወዲያ አንድ ሰው ወንዝ ወርዶ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ይቆያል። ሚስቱ ታፍርበት ነበር። ጎረቤቶቹ «ሰማይ ቆጣሪው» የሚል ስም አወጡለት፤ ሲሮጥ ባዩት ቁጥርም ከየማሳቸው ሆነው ያፏጩበታል። ሲስቁበት አብሯቸው ይስቃል። መሮጡን ግን አያቆምም።

ይህ ሰው ከአጎቱ ልጅ ጋር በመሬት ተጣላ። ከወንዙ ዳር ያለች፣ አንድ ጥማድ በሬ በግማሽ ቀን አርሶ የሚጨርሳት ማሳ ነበረች። ትንሽ ናት። ነገር ግን በጋውንም ውኃ ስለምትጠጣ የሰውየው አምስት ልጆች ከመጋቢት እስከ ሰኔ የሚበሉት ከእሷ ነው። የአጎቱ ልጅ «የአባቴ ድርሻ ናት» ብሎ ተነሣባት፤ ነገሩም ለሽማግሌ ተሰጠ።

የዚያ አገር ሽማግሌ የሚቀመጠው ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው። ሕግም አለው። ነገር ከተጀመረ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ፈርደው ሳይመርቁ፣ ከተቀመጠበት የተነሣ ባለጉዳይ ተረታ። ሽማግሌም ቢሆን ቀድሞ ከተነሣ ቃሉን ሸጠ ይባላል። ክፉ ሕግ እንዳይመስልህ። ድሮ ሰው ሲናደድ ከመሀል ተነሥቶ ጠመንጃውን ሊያመጣ ቤቱ ይሮጥ ነበር፤ ስንት ደም ፈሷል። ሕጉ የወጣው ሰው እንዳይሞት ነው። ያወጡት ሰዎች ግን የሰውን ቁጣ እንጂ የሰማዩን አላሰቡም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ትልቁ ሽማግሌ በርጩማቸው ላይ፣ ሌላው ሰው በየድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ አምስት ናቸው፤ ባለጉዳዩ፣ ምስክሩና ተመልካቹ ሲጨመር አሥራ አራት ሰው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። የሰውየው ሁለት ምስክሮች ተራ በተራ አጥብቀው መሰከሩለት፤ የአጎቱ ልጅ ፊቱ ጠቆረ። የቀሩት አንድ አዛውንት ናቸው፤ ማሳዋ ስትከፈል በዓይናቸው ያዩ። እሳቸው ከተናገሩ ነገሩ አለቀ፣ ማሳዋም የሰውየው ሆነች።

አዛውንቱ ግን ማንኛውንም ነገር ሲናገሩ ከአያታቸው ሠርግ ነው የሚጀምሩት። ገና ሠርጉ ላይ ሳሉ ከተራራው ጀርባ ብልጭ አለ።

ሰውየው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ቆጠረ። ሃያ ስምንት ላይ አጉረመረመ። እንደገና ብልጭ አለ፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ። ሰውየው ከተቀመጠበት ሳይነሣ አንገቱን ደፍቶ ሽማግሌዎቹን ለመናቸው። ከዳገቱ ግርጌ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ያለው ወፍጮ ቤት ነበር፤ እዚያ ገብተን እንጨርሰው አላቸው። የአጎቱ ልጅ ሳቀ። ማሳዋ ያንተ ከሆነች ምን አስቸኮለህ፣ ሰማይ ቆጣሪው ዛሬም ጀመረው አለ። ሰዉም አብሮ ሳቀ። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት።

«ይህ ዋርካ ስንት ክረምት አሳልፏል፤ አባቶቻችን ሲያስታርቁበት መብረቅ ደፍሮት አያውቅም» አሉት። «መነሣት ከፈለግህ የያዘህ የለም። ሕጉን ታውቃለህ።»

ሰውየው ተቀመጠ፣ መቀመጥ ከተባለ። ጣቶቹ ሣር ይነቅላሉ፣ ዓይኑ ከአዛውንቱ አፍ ወደ ሰማይ፣ ከሰማይ ወደ አዛውንቱ አፍ ይመላለሳል። አምስቱን ልጆቹን ያስባል። ዘጠኙን በጎች ያስባል። ብልጭ አለ፤ አሥራ ሁለት። ነፋሱ ቀዘቀዘ። አዛውንቱ ሠርጉን ጨርሰው ክርስትናው ላይ ደርሰዋል።

ልብ በል ጫኔ፤ የፈራው እሱ ብቻ አልነበረም። አሥራ አራቱም ፈርተዋል። አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሦስት ጊዜ አጣፉ፣ ሦስት ጊዜ ፈቱ። ትልቁ ሽማግሌ ከዋርካው ሥር የታሰረችው በቅሏቸው ገመዷን ስትጎትት ደጋግመው ያያሉ። የአጎቱ ልጅ መዳፉን አልቦት በሱሪው ይጠርጋል። ግን ማን ቀድሞ ይነሣ? ሰውየው ቢነሣ ማሳዋን ያጣል። ሽማግሌው ቢነሡ ስማቸውን ያጣሉ። ተመልካቹ ቢነሣ ፈሪ ይባላል። ሁሉም በዓይኑ ጥግ ሌላውን እያየ፣ ሌላው እስኪነሣ ይጠብቃል። እንዲህ ተጠባብቆ የሚሞት ሰው ስንት ነው!

ቀጥሎ ሰባት ላይ ጮኸ።

ሰውየው ዝም ብሎ ተነሥቶ ቢሮጥ እሱ ይድናል። ሽማግሌዎቹ ግን የሸሸውን ሰው ነገር ተነጋግረው እስኪፈርዱ እዚያው መቆየታቸው ነው። ይህን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ተነሣና ባርኔጣውን አውልቆ በመሀላቸው ቆመ።

«ማሳዋ የእሱ ናት» አለ። «ተረትቻለሁ፤ በአፌም በልቤም ተረትቻለሁ። የሚፈረድ ነገር አልቀረም። እየሄዳችሁ መርቁ።»

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ በርጩማቸውን እዚያው ትተው ተነሡ። ምርቃቱ «ቂም ከልባችሁ ያውጣ» የሚለው ላይ ሲደርስ ግማሹ ሰው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ደርሷል። አሜን ያለው በሩጫ ነው።

ሰውየው ከገባም በኋላ አልረጋም። ሰዉን ከበሩ አራቀ፣ ከወፍጮው ብረት አራቀ፣ ግድግዳ የተደገፈውን በትከሻው እየያዘ ወደ መሀል አመጣ። ትልቁ ሽማግሌ በቅሏቸው ትዝ አለቻቸውና ልመለስ አሉ። ሰውየው ጋቢያቸውን ጨምድዶ ያዘ። ልቀቀኝ አሉት፤ አልለቀቀም። እንዲህ ሲጓተቱ ብልጭታውና ጩኸቱ አንድ ላይ መጡ። የሚቆጠር ነገር አልነበረም።

ሰማዩ ዝም ካለ በኋላም በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አቆያቸው። አንድም ሰው አላፏጨበትም። ሲወጡ ዋርካው ከአናቱ እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ፣ ልጣጩ በሜዳው ተበትኖ አገኙት። በርጩማው ከሰል ሆኗል። በቅሎዋ እግሮቿን አጥፋ ተኝታለች፤ ቁስል የላትም። ተቀምጠውበት በነበረው ሣር ላይ የተቃጠሉ መስመሮች ከዋርካው ሥር ተነሥተው ወደየድንጋዩ ሄደዋል። እያንዳንዱ የራሱን ድንጋይ ፈልጎ አየ።

ትልቁ ሽማግሌ አለቀሱ። ከዚያ ወደ አጎቱ ልጅ ዞረው፣ ነገሩን እንደ አዲስ እንየው፣ አዛውንቱም ምስክርነታቸውን ይጨርሱ አሉ። የአጎቱ ልጅ እምቢ አለ። ሕግ ሕግ ነው፣ ተነሥቷል፣ በአፉም ተረትቻለሁ ብሏል አለ። ሰውየውን ቢጠይቁት ቃሌን አልበላም ብሎ ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። በመጋቢት ያለችውን አንዲት ላም ሸጦ ለልጆቹ እህል ገዛ።

የአጎቱ ልጅ ማሳዋን አረሳት። በቆሎው እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም። ነገር ግን ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ ከማሳው የሚሮጠው እሱ ሆነ፤ እየቆጠረ። ሌሊት ሌሊትም ያቺን የተቃጠለች መስመር ያያታል፤ ወደ እሱ ድንጋይ የሄደችዋን።

እንዴት አወቅህ አትለኝም? የአጎቱ ልጅ እኔ ነኝ።

አታፍጥጥብኝ። አፍሬያለሁ፤ ከአንተ በፊት በራሴ ላይ ብዙ አፍጥጫለሁ። ሕይወቴን የሰጠኝን ሰው የልጆቹን ጉርሻ ቀማሁት፤ ያውም በሕግ። ያ ሰውዬ የነበረበት ዕረፍት ማጣት ከማሳዋ ጋር ወደ እኔ የተዛወረ ይመስለኛል። ሁለት ክረምት እንዲህ ቆየሁ። በሦስተኛው ልመልስለት ተነሣሁና ወደ ቤቱ ሄድኩ። የምናገረውን በመንገድ ሁሉ እያጠናሁ፣ እያፈረስኩ፣ እንደገና እያጠናሁ።

አጥሩ ጋ ስደርስ ደመናው አጉረመረመ። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ የባላጋራውን ደፍ እንደማይረግጥ ታውቃለህ። ስለዚህ ከበሩ ውጭ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆምኩ። አየህ ሞኝነቴን! ያን ሁሉ አይቼ፣ ያን ሁሉ ቆጥሬ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ሰውየው ከቤቱ ብቅ አለ። ማን መሆኔን አየ። ጥፋቴን ልናገር አፌን ስከፍት እጁን አወናጨፈብኝ።

«መጀመሪያ ግባ» አለኝ። «ነገሩ ኋላ ይደርሳል።»

ገባሁ። ደፉን ሳልታረቅ ረገጥኩት። ሰማዩ ጸጥ እስኪል ስለ በሬ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ምናምኑ ሲያወራኝ ቆየ። ከዚያ ማሳዋን መለስኩለት። ተቀበለኝ። አላመሰገነኝም፤ ለምን ያመሰግነኛል?

እንግዲህ ጫኔ፣ ነገ ያ ዋርካ አንተ ጋ ነው። መቃብሩ ዙሪያ ጽድ አለ፤ ዝናቡ ሲመጣ ሰዉ ከጽዱ ሥር ይታጨቃል፣ ጥላውን ይዘረጋል፣ በዓይኑ ጥግ ሰማዩን ያያል። ሁሉም ይፈራል። ሁሉም ሌላው እስኪንቀሳቀስ ይጠብቃል፤ ቀድሞ የሄደ ሬሳ ጥሎ ሸሸ ይባላላ። ልማዱ ክፉ አይደለም፤ ሙትን ለማክበር የወጣ ነው። ያ ሕግም ሰውን ለማዳን የወጣ ነበር።

ለሰውየው ማሳዋ የነበረችው ለአንተ ስምህ ናት። ሁለት ወር ያረስካት፣ ገና ያላጨድካት። እሷን ካልጣልክ ማንም አይነሣም። ብቻህን እንዳትሸሽ፤ መሀል ላይ ቆመህ ጣላት። «ፈሪው እኔ ልሁን፤ አስከሬኑን ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንግባ» በላቸው። ከዛፉ ሥር አንድ ሰው እንዳይቀር። ይስቁብህ ይሆናል፤ አንዱ ደግሞ እንደ እኔ ስምህን ወስዶ ዓመት ሁለት ዓመት ይበላብህ ይሆናል። ይብላ። እንዲበላ በሕይወት ይኑር። ሟቹ እንደሆነ አይቸኩልም።

ምን ተነሣህ? ሰው ይጠብቀኛል? ይጠብቅ። አሁን ብልጭ ያለውን አልቆጠርክም፤ እኔ እየተናገርኩ ቆጥሬዋለሁ። ሃያ አንድ ነው። ዱላህን አስቀምጥና ተቀመጥ።